ፎቶውን ገልብጪው

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ድሮ ዝነኞች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው የሚጠይቁት። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ወሬ አያልቅብኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሳጥብ ኖሬያለሁ። የሃይፖው፣ የፎቶ ማጠቢያው ኬሚካል፣ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ፎቶዎቹ ላይ የምታገኙት እሱን ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የድሮዋን የሆሊውድ ተዋናይት የግሬታ ጋርቦን ጉርድ ፎቶ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። «በ1930ዎቹ የታጠበ ኦሪጅናል ነው» ይለኛል። ለሳሎኔ በጣም ፈልጌዋለሁ። እየሸወደኝ እንዳልሆነ በምን ልወቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፊቷን ማየት አቁሚ። ጋርቦን እያዩ በደንብ ማሰብ አይቻልም። ፎቶውን ገልብጪና ጀርባውን እይ።

ያኔ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች እነዚህን ፎቶዎች ያሳትሙ የነበሩት ለግድግዳ ጌጥ ብለው አይደለም። ፊልም ለማስተዋወቅ ለጋዜጣና ለመጽሔት በነጻ የሚበተኑ ወረቀቶች ነበሩ። መጠናቸው በአብዛኛው 20 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ስለዞሩ ጀርባቸው ታሪክ አለው። የስቱዲዮ ማህተም፣ የፎቶ አንሺው ስም፣ ጋዜጣው የተቀበለበት ቀን፣ በታይፕ ተጽፎ የተለጠፈ መግለጫ፣ አዘጋጁ በእርሳስ የሞነጫጨረው ልኬት። እኔ የቆሸሸ ጀርባ ሳይ ደስ ይለኛል። ሻጩ «ጀርባው ጽድት ያለ ነው» ብሎ ሲኩራራ ግን ጆሮዬ ይቆማል። ማህተምም ፎርጅድ ይሰራለታል፤ ስለዚህ በማህተም ብቻ አትመኚ። ጋርቦን ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤምጂኤም በተባለው የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ለዓመታት ያነሳት ክላረንስ ሲንክሌር ቡል ነው። ከእሱ በፊት ሩት ሃሪየት ሉዊዝ የምትባል፣ በዚያ የወንዶች ሙያ ውስጥ ብቻዋን የገባች ወጣት ነበረች። ከጀርባው ከሁለቱ አንዱን ስም ካገኘሽ ልብሽ ትንሽ ቢዘል አልፈርድብሽም።

ቀጥሎ ማጉያ ሌንስ ያዢ። አስር ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል። ጉንጯን ተመልከቺ። በረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካሉ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ ከመጽሐፍ ወይም ከመጽሔት ተቆርጦ ይሆናል። እንደተረጨ ቀለም ብትንትን ያሉ ነጥቦች ካሉ ደግሞ ከኮምፒውተር ፕሪንተር ነው የወጣው። ጨለማ ክፍል የታጠበ ፎቶ እንዲህ አይደለም። ጥላው ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ነጭ ሳይቆራረጥ ይሄዳል።

ከዚያ ፎቶውን በመብራት ስር ወደ ጎን አዘንብዪው። ጠርዙ ላይ፣ በተለይ ጥቁሩ ቦታ ላይ፣ ሰማያዊ የሚመስል የብር ነጸብራቅ ብልጭ ካለ የእርጅና ምልክት ነው። ብር ስል ገንዘቡን ማለቴ አይደለም። ምስሉ ራሱ ከብር ማዕድን ነው የተሰራው፤ ብሩ በዘመን ብዛት ወደ ላይ ይወጣል። ምልክቱ ከሌለ ግን ፎቶው አዲስ ነው ማለት አይደለም። በደንብ የታጠበና በደንብ የተቀመጠ ፎቶ ላያሳይ ይችላል።

የመጨረሻው መሣሪያ ትንሽ የዩቪ (ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን) ባትሪ ነው፤ የገንዘብ ኖት የሚመረመርበት ዓይነት። ይህን የተማርኩት ተሸውጄ ነው። ከዓመታት በፊት የተዋናይቷን የማርሊን ዲትሪክን ፎቶ «የ1932 ነው» ተብዬ ገዛሁ። ጀርባው ላይ ማህተም አለ፤ ወረቀቱ ወፍራም፤ ጠርዙ የቆየ ሻይ መስሏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስተርክለት ከረምኩ። አንድ ምሽት አንድ የሙያ ጓደኛዬ መብራቱን አጥፍቶ ዩቪውን አበራበት። ፎቶው በጨለማ ውስጥ እንደ ሙሽራ ሸሚዝ ቦግ አለ! የፎቶ ወረቀት ላይ ነጭ የሚያስመስለው አብሪ ኬሚካል መጨመር የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። የ1932 ወረቀት እንዲህ ሊያበራ አይችልም። ሻጩ የማር ወለላ የመሰለውን ጠርዝ ያመጣው በእርግጥም ሻይ ነክሮ ይመስለኛል። ፎቶዋን ግን አልጣልኳትም። መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ ሌላ ነገር ለመግዛት ሲያምረኝ አወጣና አያታለሁ።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ከድሮ ኔጌቲቭ፣ ፎቶው ከሚታጠብበት የካሜራ ፊልም፣ ዘግይቶ የታጠበ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። ጆርጅ ሃሬል ራሱ፣ የ1930ዎቹን የሆሊውድ ጉርድ ፎቶ መልክ ያስያዘው ሰው፣ በስተርጅናው ከድሮ ኔጌቲቮቹ አዳዲስ ህትመቶች አውጥቷል። እነሱም ውብ ናቸው። ዋጋቸው ግን በዘመኑ ከታጠበው ጋር እኩል ሊሆን አይገባም። ችግሩ ፎቶው ዘግይቶ መታጠቡ ሳይሆን ሰውየው ስለ ዕድሜው መዋሸቱ ነው። ወረቀቱ በፕላስቲክ የተለበደ ከሆነ ደግሞ ብዙ አትድከሚ፤ እሱ ዓይነት ወረቀት የመጣው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው።

ስለ ሃሬል ካነሳሁ አይቀር፣ የእነዚያ ፊቶች ልስላሴ ከየት የመጣ ይመስልሻል? መብራቱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ እርሳስ ነው። ኔጌቲቩ ራሱ 20 በ25 ነበር፤ እንደ ትልቅ ደብተር ገጽ። ሪታች ሠሪው፣ ፎቶ የሚያሳምረው ባለሙያ፣ በሾለ እርሳስ ሽብሽቡን አንድ በአንድ እየነካካ ያጠፋዋል። የተዋናይቷ የጆአን ክራውፎርድ ፊት ጠቃጠቆ ነበረበት፤ ፎቶዋ ላይ ፈልጊው እስቲ። እኔም በወጣትነቴ ብዙ ሰው በእርሳስ አሳምሬያለሁ፤ አንድም ያማረረ የለም።

ለሻጭሽ የምትጠይቂው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የጀርባውን ፎቶ ላክልኝ።» ካንገራገረ ተይው።

ጥያቄ፦ ባለ ፊርማ የሃምፍሪ ቦጋርት ፎቶ ልገዛ ነው። ፊርማው ዋጋውን በእጥፍ አስወድዶታል። ያዋጣኛል?

መልስ፦ የፈረመው ቦጋርት ሳይሆን ጸሐፊ ነው ብለህ ጀምር፤ ከዚያ ሻጩ ያሳምንህ። ስቱዲዮዎች የአድናቂ ደብዳቤ በከረጢት ነበር የሚደርሳቸው። ተዋናዩ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ቢፈርም ፊልም የሚሠራበት ጊዜ ባልኖረው። ጸሐፊዎች ይፈርሙለት ነበር፤ በማህተም የሚመታም ነበር። አንዳንዴ ፊርማው ከፎቶው ጋር አብሮ የታጠበ ነው። በሌንስ ስታየው ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ካልተቀመጠና የብዕር ጭረት ከሌለው እሱ ነው። በኋለኛው ዘመን ደግሞ የሚፈርም ማሽን መጣ። ሁለት ፊርማዎች አንዱ በሌላው ላይ ልክክ ካሉ ሰው አልፈረማቸውም፤ አንተም የራስህን ፊርማ ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርገህ መፈረም አትችልም፤ ሞክረው። ፊርማው ባይኖርም የምትገዛው ፎቶ ከሆነ ግዛ፤ በባለ ባዶው ዋጋ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ኦሪጅናል የመግዛት አቅም የለኝም። ከኢንተርኔት አውርጄ ባሳትም ያስንቀኛል?

መልስ፦ ማን ነው የሚንቅዎት? እኔ ራሴ ከአልጋዬ ፊት ለፊት የሰቀልኩት እንዲህ ዓይነቱን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የዊሊያም ጎትሊብን የጃዝ ፎቶዎች ይዟል። ከ1938 እስከ 1948 የተነሱ ናቸው። ከየካቲት 2010 ጀምሮ ባለመብት የላቸውም፤ ማንም አውርዶ ማሳተም ይችላል። ጎትሊብ በሙያው ጋዜጠኛ ነበር። ጋዜጣው ለጃዝ አምዱ ፎቶ አንሺ አልከፍልም ሲለው ነው ካሜራ ገዝቶ ራሱ ማንሳት የጀመረው። አንድ ምሽት ላይ የሚያነሳው ጥቂት ብቻ ነበር፤ የፍላሹ አምፖል ውድ ነዋ። ስለዚህ ሳያስብ አይጫንም።

የ1947ቱን የኤላ ፊትዝጄራልድ ፎቶ ይፈልጉ። እሷ ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ ትዘፍናለች። ጥሩምባ ነፊው ዲዚ ጊሌስፒ ከጎኗ ቆሞ በፍቅር የነሆለለ ሰው መስሎ ያያታል። ከዚያ ፎቶ ፊት ቆሞ ፈገግ ያላለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሲያወርዱ ትልቁን ፋይል ይውሰዱ፤ ትንሹን አጉልተው ካሳተሙ ፊቱ ገንፎ ይሆናል። አሳታሚውንም ወረቀቱ የማያብረቀርቅ እንዲሆን ይጠይቁት። እባክዎ ብቻ ጠርዙን ሻይ አይንከሩት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አስራ ሁለት ፎቶ ሳሎን ሊሰቅል ነው። ሁሉም ፊት ነው! ሁሉም ያፈጡብኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እውነትሽን ነው። አስራ ሁለት ሰው ትክ ብሎ እያየሽ ቡና አይጠጣም። ወደ ካሜራው የሚያዩትን ሁለት ወይም ሶስት ብቻ ይምረጥ። የቀሩት ወደ ጎን የሚያዩ፣ የሚስቁ፣ ሥራ ላይ ያሉ ይሁኑ። ፎቶ አንሺው አርኖልድ ኒውማን በ1946 ያነሳውን የሙዚቃ ደራሲውን የስትራቪንስኪን ፎቶ አሳዪው። ሰውየው ጥግ ላይ ትንሽ ነው፤ ፎቶውን የሞላው የፒያኖው ክዳን ነው። ፊት ሳይበዛ ሰውየው ሙሉ አለ። ቸርችልንም ሊሰቅል እንደሚፈልግ እገምታለሁ፤ ሁሉም ይፈልጋል። ፎቶ አንሺው ዩሱፍ ካርሽ በታህሳስ 1941 ሲጋሩን ከአፉ ነጥቆት ነው እንዲያ የተኮሳተረው። ድንቅ ፎቶ ነው። ግን በየጠዋቱ የተቆጣ ሰው እያየሽ መነሳት ትፈልጊያለሽ? ኮሪደር ይሂድ።

አሰቃቀሉን በተመለከተ፦ ፎቶው መስታወቱን መንካት የለበትም። መሃላቸው አሲድ የሌለው ወፍራም ካርቶን ይግባ። ይህን ችላ ብዬ አንዱን ፎቶዬን ከመስታወቱ ጋር አጣብቄዋለሁ፤ ለማላቀቅ ስሞክር ግማሽ አፍንጫ እዚያው ቀረ። በማጣበቂያ ጀርባውን አትለጥፉት፤ በአራቱ ጥግ የሚይዝ የወረቀት ኪስ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳና የሻወር እንፋሎት የሚደርስበት ቦታ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ፎቶ ጠርዙ ተቀድዷል፤ ቆሽሿልም። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ በፕላስተር ላያይዘው?

መልስ፦ አይሆንም። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አራግፍ፤ ከዚያ እጅህን ሰብስብ። ፕላስተሩ በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ምስሉን ይበላዋል። ቅዳዱ ግን ባለበት ይቆያል። ጀርባው ላይ የምትጽፈው ካለ በለስላሳ እርሳስ ጠርዙ ላይ ጻፍ፤ በእስክሪብቶ እንዳትሞክር። ማህተም ካገኘህበት ደግሞ ደብዳቤ ጻፍልኝና ምን እንደሚል ንገረኝ።