በሕመም ፈቃድ ላይ ሳለሁ ተሰናበትኩ

ጥያቄ፦ የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የወገብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ሐኪሙ የ6 ሳምንት ፈቃድ ጻፈልኝ፤ ወረቀቱን በወቅቱ አስገብቻለሁ። በ4ኛው ሳምንት፣ ገና በምርኩዝ እየሄድኩ፣ የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ «ከሥራ ገበታ በመቅረት»። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ፤ አላምን አልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቅድሚያ ምሕረቱን ይላክልዎ። ያቺን አንድ መስመር አደራ ይጠብቋት፤ ክርክርዎ ያለው እሷ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158፣ በአንቀጽ 6፣ በሕመም ለጊዜው መቅረት ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው። ፈቃድ ላይ መሆን ከማንኛውም ስንብት አይከላከልም፤ ለምሳሌ የሥራ መደቡ በእርግጥ ከታጠፈ ነገሩ ሌላ ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ይህን አይልም።

አሁን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የአቤቱታ ቀነ ገደብ አጭር ሊሆን ስለሚችል እስኪድኑ አይጠብቁ፤ ባለቤትዎ ነገውኑ የሠራተኛ ማኅበሩን ወይም ጠበቃ ያነጋግሩ። ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታም አይጣሉ፤ ቀኑ አለበት። «የምጠይቀው የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ደግሞ ሳያማክሩ እንዳይፈርሙ።