መልስ፦ «ካሜራ» በጣሊያንኛ «ክፍል» ነው ወይ?

አዎ፣ ትክክል ነህ። ጣሊያናዊ «ካሜራ» ሲል መኝታ ክፍል ማለቱ ሊሆን ይችላል። ለፎቶ ማንሻው ሌላ ስም አላቸው፤ «ማኪና ፎቶግራፊካ» ይሉታል።

«ታዲያ ከፎቶ ጋር ምን አገናኘው?» ላልከው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሉ ከግሪክ ወደ ላቲን ሲገባ ትርጉሙ ጣሪያው ቅስት የሆነ ቤት ነበር። በኋላ ማንኛውም ክፍል «ካሜራ» ተባለ። አሁን አንድ ክፍል ድርግም አድርገህ ዝጋና ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ተው። ውጭ ያለው ዛፍ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ ይታይሃል። ይህ «ካሜራ ኦብስኩራ» ይባላል፤ ጨለማ ክፍል ማለት ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ጀርመናዊ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ስም ተጠቅሞበታል። ክፍሉ እያነሰ ሄዶ የፎቶ ማንሻው ሣጥን ሆነ፣ ስሙም አጠረና «ካሜራ» ብቻ ቀረ።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። የፈረንሳይኛው «ሻምብር» ያው ክፍል ነው። በሩሲያኛ «ካሜራ» የእስር ቤት ክፍልም ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ግን የስፓኒሾቹ «ካማራዳ» ነው። መጀመሪያ አንድ ክፍል የሚጋሩ ወታደሮች ነበሩ፤ እንግሊዝኛው «ኮምሬድ»፣ የኛ «ጓድ» መሆኑ ነው፣ የመጣው ከዚያ ነው።

ደግሞ ጎማ ውስጥ ያለውን ከመነዳሪ እንዳትረሳው! ጣሊያንኛው «ካሜራ ዳሪያ» ነው፤ የአየር ክፍል። እኛ አፋችን እንዳመጣልን አጣመምነው እንጂ ያው ካሜራ ነው።