ፍል ውሃ ለጉልበት ሕመም ይረዳል?

ጥያቄ፦ እናቴ አርትራይተስ አለባት፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ አልታጠፍ ይላል። ጎረቤቶች ፍል ውሃ ውሰጃት እያሉኝ ነው። ይረዳታል? መድኃኒቷንስ ማቆም ትችላለች? (ሴት ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውሰጃቸው፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቆሙ። ሙቅ ውሃ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ደግሞ ተዘፍዝፎ መውጣት ብቻውን ብዙም አይዘልቅም፤ ዋናው ጥቅም ውሃ ውስጥ መንቀሳቀሱ ላይ ነው፣ ምክንያቱም እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ጉልበቱ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ስለሆነ መሬት ላይ እምቢ ያለው እግር እዚያ ይታዘዛል። ለዚህ ሰፊ ገንዳ ይፈለጋል። አዳማ አካባቢ ያለው ሶደሬ ጥሩ ነበር፣ ግን በየሳምንቱ ያን መንገድ ማን ይችለዋል! ቅርብ ያለ ሞቅ ያለ የሆቴል ገንዳ ካገኘሽ ይበቃል፤ ከ33 እስከ 36 ዲግሪ ይመረጣል።

ፍል ውሃ ከሄዳችሁ ሙቀቱን በእጅሽ ሞክሪው፣ ካቃጠለ ቀዝቃዛ ይጨመርበት። ወለሉ ያንሸራትታል፣ ብቻቸውን አትተዪያቸው። የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ። ጉልበታቸው ቀልቶ ካበጠ ደግሞ ለጊዜው ይቅር።