ሰረዝ ያለበትን የዶሜይን ስም ገዝታችሁ ለማትረፍ ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ለረጅም ዘመን የሠራሁት ለአካባቢው አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የዶሜይን ስም (በድረ ገጽና በኢሜይል አድራሻ ላይ የሚጻፈውን ስም) በማስመዝገብ፣ ድረ ገጽና ኢሜይል በማቋቋም ሥራ ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላንና ከአቃቂ የሚመጡ ወጣቶች፣ በተለይም የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ፣ በስልካቸው ላይ የጻፉትን የስም ዝርዝር እያሳዩ «እነዚህን ገዝቼ ባስቀምጣቸውና በኋላ ብሸጣቸው ያዋጡኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ከስሞቹም ብዙዎቹ መሐላቸው ላይ ሰረዝ (-) አለባቸው። ሰረዝ የሌለበት ስም ቀድሞ ስለተያዘ፣ ሰረዝ ያለበት ግን ሳይያዝ ስለተገኘ፣ ወጣቱ ማንም ያላየውን ዕድል ያገኘ ይመስለዋል። ይህ ጉዳይ በእጅጉ የሚያሳስበኝ፣ ገንዘቡ በብዙ ልፋት የተጠራቀመ፣ ዶላሩም በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ ነው።

ዋናውን ሐሳቤን ከመነሻው ላስቀምጥላችሁ። ሰረዝ ያለበትን ስም ዋጋ የሚወስነው፣ ሰረዝ የሌለበትን ስም የያዘው ሰው ነው። በሰፈራችን በምታውቁት ላስረዳችሁ፤ በዋናው አስፋልት ዳር አንድ ሱቅ ቢኖርና ከእርሱ በስተጀርባ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ፣ ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ሱቅ ቢከፈት፣ የኋለኛውን ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያገኘው የፊተኛውን በር ነው። የኋለኛው ባለሱቅ ለማስታወቂያ ገንዘብ ባወጣ ቁጥር የፊተኛውን ገበያ ያደምቃል።

እስቲ ከእናንተ ሊገዛ የሚመጣውን ሰው አስቡት። ሰረዝ የሌለበትን ስም አንድ የታወቀ ድርጅት እየሠራበት ከሆነ፣ የእናንተን ስም የሚገዛ ነጋዴ ከዚያ ድርጅት ጋር መምታታትን አብሮ ይገዛል። ዋናው ስም ተይዞ በከፍተኛ ዋጋ ለሽያጭ የቀረበ ከሆነ ግን ጥቂት ዕድል አላችሁ፤ ያን ዋጋ መክፈል ያልቻለ ሰው ፊቱን ወደ እናንተ ሊያዞር ይችላል። ሆኖም ይህ ሰው ወደ እናንተ የመጣው አቅሙ ስላልፈቀደ መሆኑን ልብ በሉ። በዚያ ላይ ሌላ መውጫ አለው፤ ከስሙ ጋር የከተማውን ስም ወይም የሥራውን ዓይነት ጨምሮ አዲስ ስም በመመዝገቢያ ዋጋ ብቻ ሊያወጣ፣ አለዚያም ኢትዮ ቴሌኮም በሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ መለያ በዶት ኢቲ ሥር ዶት ኮም ዶት ኢቲ የሚለውን ሊመርጥ ይችላል። ስለሆነም የምትጠይቁት ዋጋ ከዚህ መውጫ እጅግ ሊርቅ አይችልም። የዋናው ስም ባለቤት ራሱ ይገዛኛል ብላችሁ ተስፋ የምታደርጉም አላችሁ፤ እርሱ ግን ደንበኞቹ በስሕተት ወደ እናንተ ካልመጡ በስተቀር ለመግዛት የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ከመጡ ደግሞ ጉዳዩ ከገበያ ወጥቶ ወደ ክርክር ያመራል።

ሰረዙ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ምን እንደሚያስከትል በቅርብ ካየሁት አንዱን ልንገራችሁ። ገላን አካባቢ የቤትና የቢሮ ዕቃ የሚያመርት አንድ ድርጅት በሁለት ቃላት መካከል ሰረዝ ያለበት ዶሜይን ነበረው። አንድ ቀን ጸሐፊዋ የድርጅቱን ኢሜይል ለአንድ የግዢ ሠራተኛ በስልክ ለማስጻፍ፣ ከመጋዙ ጩኸት ሸሽታ ወደ በረንዳው ወጣች። የመጀመሪያውን ቃል ፊደል በፊደል ከነገረችው በኋላ «ቀጥሎ ሰረዝ» አለችው። «ከታች የሚሰመረው ነው?» ሲል ጠየቀ። «አይደለም፣ ዳሽ ነው፤ መሐል ላይ ያለው፣ የመቀነስ ምልክቱ» ብላ መለሰችለት፤ ሰውየውም ገብቶኛል አለ። የፕሮፎርማ ጥያቄው ግን ያለ ሰረዝ ተጽፎ ተላከ። ሰረዝ የሌለበት ስም ውጭ አገር ባለ ሌላ ሰው እጅ ስለነበረና የሚመጣለትን ሁሉ ስለሚቀበል፣ መልእክቱ ለአምራቹ አልደረሰም፤ ለላኪውም ተመልሶ አልመጣም። ነገሩ የታወቀው የዋጋ ማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። ስሙን የሚገዛችሁ ሰው ልምድ ያለው ነጋዴ ከሆነ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ ነው ዋጋ የሚሰጣችሁ።

በእኛ አገር ደግሞ ችግሩ ይደረባል። የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ አማርኛው ሁሉም የሚስማማበት አንድ አጻጻፍ የለውም፤ «ቀ»ን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፈዋል፤ የሚጠብቀውን ድምፅ አንዱ ፊደሉን ደግሞ፣ ሌላው ሳይደግም ያስቀምጠዋል። ኦሮምኛው በቁቤ የተወሰነ አጻጻፍ ቢኖረውም ብዙ ነጋዴ አይከተለውም። በዚህ ላይ ሰረዝ ሲጨመር፣ አንዱን ስም ሰምቶ በትክክል ለመጻፍ ያለው ዕድል ይበልጥ ይጠብባል። ስለዚህ የአገር ውስጥ ቃላትን በሰረዝ እያገናኙ በብዛት መግዛት ከሁሉም ያነሰ ተስፋ ያለው መንገድ እንደሆነ አምናለሁ።

ሰረዝ ግን ያለ ምክንያት የመጣ ነገር አይደለም። በዶሜይን ስም ውስጥ ክፍት ቦታ መተው ስለማይቻል፣ ሁለት ቃላትን ለመለየት የተፈቀደው ምልክት እርሱ ብቻ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ግን አይገባም። ከታች የሚሰመረው ምልክት ለድረ ገጽ ስም አይመዘገብም። በግዕዝ ፊደል የተመዘገበ ስም እንኳ ከበስተጀርባ በኤክስና በኤን ፊደላት፣ ቀጥሎም በሁለት ሰረዞች ወደሚጀምር የላቲን ጽሑፍ ይለወጣል፤ ይህ ለቋንቋችን ጠቃሚ በር ስለሆነ ለብቻው ቢጻፍበት ደስ ይለኛል። በቀደመው ዘመን ደግሞ የድረ ገጽ ባለሙያዎች ሰዎች የሚፈልጓቸውን ቃላት በሰረዝ እያያያዙ ይገዙ ነበር፤ መፈለጊያ ሞተሮች ቃላቱን ነጥለው ስለሚያነቧቸው ገጹ ከፍ ብሎ ይታይ ነበርና። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ጎግል ባወጣው ማስተካከያ፣ ስማቸው ከተፈለገው ቃል ጋር ስለገጠመ ብቻ ከፊት ይሰለፉ የነበሩ ጥራት የሌላቸው ገጾች ወደ ኋላ ተገፉ። ዛሬም «ቁልፍ ቃል በሰረዝ» የሚል ምክር የሚሰጧችሁ ሰዎች ካጋጠሟችሁ፣ ምክሩ የዚያ ዘመን እንደሆነ ዕወቁ።

ብዙዎቻችሁ የምትጠቅሱልኝ ቮይስ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ነው። እውነት ነው፤ ተሽጧል። ነገር ግን ያ ስም አንድ ቃል ነው፣ አጭር ነው፣ ሰረዝ የለውም፣ ገዢውም በዚያው ስም ትልቅ አገልግሎት ሊከፍት የተነሣ ኩባንያ ነበር። ከዚህ ሽያጭ ተነሥቶ የሁለት ቃልና የአንድ ሰረዝ ስም ዋጋ መገመት አይቻልም። ያለፉ ሽያጮችን የሚመዘግቡ እንደ ኔምባዮ ያሉ መዝገቦች አሉ፤ እነርሱን ስታዩ ሰረዝ ያለባቸውን ለብቻ ለዩና አወዳድሩ። አንዳንድ መዝጋቢ ድርጅቶች (የዶሜይን ስም የሚሸጡልን ማለት ነው) በማሽን የሚያወጡትን የዋጋ ግምት ግን እንደ ገዢ ቃል አትቁጠሩት፤ ግምቱን ያወጣው ማሽን ብሩን አይከፍላችሁም።

ሰረዙ ዋጋ የማይቀንስባቸው ሁኔታዎችም አሉ። መርሴዲስ ቤንዝና ኮካ ኮላ የንግድ ስማቸው ራሱ ሰረዝ ስላለበት በዶሜይናቸውም ይጠቀሙበታል። ጀርመኖች ረጃጅም ቃላትን ስለሚያያይዙ፣ በአገራቸው መለያ በዶት ዲኢ በሚያበቁ ስሞቻቸው ውስጥ ሰረዝን ከሌሎች ይልቅ ለምደውታል። ያለ ሰረዝ ሲጻፍ ሌላ፣ ምናልባትም አሳፋሪ ትርጉም የሚሰጥ ስምም ሰረዝ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱን ይዛችሁ ከሆነ ጉዳዩን በጥሞና መመርመር ተገቢ ነው። ሁለትና ሦስት ሰረዝ ያለበትን ስም ግን ከነጭራሹ ተዉት፤ ተጠቃሚውን የሚያታልሉ ሰዎች የባንክና የታወቁ ድርጅቶችን ስም ከ«መግቢያ» ወይም «ማረጋገጫ» ከሚሉ ቃላት ጋር በሰረዝ እያያያዙ የሐሰት ገጽ ስለሚከፍቱ፣ እንዲህ ያለ አድራሻ ያየ ሰው መጠራጠሩ አይቀርም።

ስለ ሕጉም አጥብቄ ላሳስባችሁ። የታወቀን የንግድ ስም ወስዶ መሐሉ ላይ ሰረዝ መጨመር አዲስ ስም አይፈጥርም። የዓለምን የዶሜይን ስም ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው የክርክር መፍቻ ሥርዓት መሠረት የንግድ ምልክቱ ባለቤት ስሙ ከምልክቱ ጋር የሚያምታታ መሆኑን፣ የያዘው ሰው ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለውና ያስመዘገበውም የሚጠቀምበትም በክፉ ልቡና መሆኑን ካስረዳ፣ ስሙ ይወሰድበታል ወይም ይሰረዛል። ዳኞቹም የሰረዝን መጨመር እንደ ልዩነት አይቆጥሩትም። ለባለቤቱ በውድ ለመሸጥ ብሎ ማስመዝገብ ደግሞ የክፉ ልቡና አንዱ ማስረጃ ተደርጎ በዚያው ሥርዓት ተጽፏል። በአገራችንም የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ጥበቃ አለው፤ ስለዚህ ስም ከመግዛታችሁ በፊት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተመዘገበ ምልክት መሆን አለመሆኑን አጣሩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የዶት ኮምን መዝገብ የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን ለመዝጋቢዎች የሚያስከፍለው የጅምላ ዋጋ በሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. በዓመት 10.26 ዶላር ሆኗል፤ መዝጋቢው የራሱን ይጨምርበታል። ሃያ ስም ይዛችሁ አምስት ዓመት ብትጠብቁ፣ በጅምላው ዋጋ እንኳ 1,026 ዶላር ከኪሳችሁ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ በቅናሽ ስለሚሸጥ ይህ አይታያችሁም፤ የሚታየው ማሳደሻው ሲመጣ ነው። እኔ ብሆን በዚያ ገንዘብ ሃያ ሰረዝ ያለባቸውን ከመያዝ ይልቅ፣ በአፍ ሲነገር ወዲያው የሚጻፍ፣ ሰረዝ የሌለበት አንድ ንጹሕ ስም ከባለቤቱ ለመግዛት እሞክር ነበር። ገዢ ቢገኝም ክፍያው ስሙ እስኪተላለፍ ገንዘቡን በአደራ በሚይዝ ሦስተኛ ወገን በኩል እንዲሆን፣ ዶላሩም በምን መንገድ እጃችሁ እንደሚገባ ስሙን ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት ከባንካችሁ ጋር እንድትነጋገሩ እለምናችኋለሁ።

ቀድማችሁ የገዛችኋቸው ካሉ፣ የማሳደሻ ቀናቸውን ጻፉና ለእያንዳንዱ ስም ሰረዝ የሌለውን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ማን እየሠራበት ነው? ለሽያጭ ከሆነ በስንት? በስሙ ሊሠራ የሚችል፣ ስልክ ደውላችሁ ልታነጋግሩት የምትችሉት ነጋዴ አለ? ለዚህ መልስ የሌላችሁን ስም ሳታሳድሱ ልቀቁት፤ ስሙ ዶት ኮም ከሆነ፣ መዝጋቢው የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ ካበቃ በኋላ ባለቤቱ በተጨማሪ ክፍያ የሚያስመልስበት 30 ቀን፣ ከዚያም 5 ቀን አልፎ ለማንም ክፍት ይሆናል፤ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም ጊዜ አላችሁ ማለት ነው።

ሥራ የተጀመረበት ስም ግን ሌላ ነገር ነው። ለራሳችሁም ሆነ ለደንበኛችሁ ሰረዝ ባለበት ስም ድርጅት አቋቁማችሁ ከቆያችሁና በኋላ ንጹሑን ስም ለመግዛት ከበቃችሁ፣ አሮጌውን ለመሸጥ አትቸኩሉ። ገጹን ወደ አዲሱ አዙሩት፣ በአሮጌው ኢሜይል የሚመጣውንም ወደ አዲሱ ሳጥን እንዲገባ አድርጉት፤ በቢዝነስ ካርድ፣ በማኅተምና በድሮ ውሎች ላይ የታተመው አድራሻ ገና ለዓመታት መልእክት ስለሚያመጣ፣ ያን ስም የሚገዛ እንግዳ ሰው የደንበኞቻችሁን ደብዳቤ መቀበል ይጀምራል።