«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የተባለው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ያደግኩት በጣም ጥብቅ በሆነ አንድ ጉባኤ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እናቴ እስካሁን እዚያው ናት። የዘመድ ሰርግ አንሄድም ነበር። ዘፈን ከጎረቤት ከተሰማ መስኮት እንዘጋለን። ለመሪያችን ሳንነግር ሥራ አንቀይርም፤ ማን ማንን እንደሚያገባም የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ቀን የአሥራቱ ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል ጠየቅኩ። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ ተብሏል» አሉኝና ሕዝብ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን 29 ዓመቴ ነው፤ የምሠራው ፒያሳ ነው። ታክሲው በጊዮርጊስ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ያማትባል። የእኔ እጅ ግንባሬ ላይ ይደርስና ይቆማል። መግባት እፈልጋለሁ፤ ግን አንድ ካህን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ከሰማሁ ሆዴ ጭምድድ ይላል። መጠየቅ ኃጢአት ነው? የንስሐ አባት መያዝስ ግድ ነው? አንዳንድ ሌሊት ደግሞ «ጭራሽ እግዚአብሔር ባይኖርስ?» እላለሁ። እናቴ ከእኔ ጋር ማዕድ አትቆርስም፤ ከወጣ ሰው ጋር መብላት ክልክል ነው። እሑድ እሑድ ስሄድ ሽሮ ለብቻ ሠርታ፣ ከድና ትጠብቀኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ወደ ሽሮው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። አሁን ግን ያቺ ጥቅስ እንቅልፍ ነሥታኛለችና ከእሷ ልጀምር።

መጽሐፍ ቅዱስሽን አውጪና መዝሙር 104ን ክፈቺ፤ አንዳንዱ እትም ላይ 105 ነው። ጥቅሷን ቁጥር 15 ላይ ታገኛታለሽ። አንቺ ግን ከቁጥር 12 ጀምሪ። ስለ ማን ነው የሚያወራው? ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅ፣ ስለ ያዕቆብ። በቁጥር ጥቂት ነበሩ ይላል። ስደተኞች ነበሩ። ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ይዞሩ ነበር። ድንኳናቸውን ጠቅልለው የሚሄዱ፣ አገር የሌላቸው ሰዎች። እግዚአብሔር ማንም ግፍ እንዳይሠራባቸው ከለከለ፤ ስለ እነሱም ብሎ ነገሥታትን ገሠጸ። «አትዳስሱ» የተባሉት እነዚያ ነገሥታት ናቸው። ባለ ዙፋኖቹ፣ ባለ ሠራዊቶቹ።

ታዲያ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ባለ ዙፋኑ ማን ነበር? አንቺ ነሽ ወይስ መሪሽ? ለደካማው አጥር እንዲሆን የተሰጠ ቃል ተነቅሎ የጉልበተኛው አጥር ሆነ። እኔን የሚያበግነኝ ይኼ ነው። ጥቅስ ተሳስቶ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ማንም ይሳሳታል። የድሃዋን ጋሻ ቀምቶ በዚያው ጋሻ እሷኑ መምታት ግን ሌላ ነው።

«ዳዊትስ የተቀባውን አልነካም ብሎ የለም ወይ?» ይሉሻል። ብሏል። ሳኦል ዋሻ ውስጥ እጁ ላይ ወድቆለት ሳለ አልገደለውም፤ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ። ከዚያ ግን ዝም አላለም። ከዋሻው ወጥቶ ከኋላው ተጣራ። የተቆረጠውን ጨርቅ እያሳየ «ለምን የሰው ወሬ ትሰማለህ? በእጄ ክፋት እንደሌለ እይ» አለው። ንጉሡን፣ የተቀባውን። አልነካውም፤ ጠየቀው። ኋላ ዳዊት ራሱ ነግሦ፣ የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮን ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን መጣና «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ዳዊት «እኔ የተቀባሁ ነኝ፣ አትዳስሰኝ» ማለት ይችል ነበር። ያለው ግን «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ነው።

የአሥራቱ ጉዳይማ ጭራሽ ግልጽ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ፤ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን አለ። ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ አለልሽ። ሐዋርያው ሳይጠየቅ ሒሳብ ካሳየ፣ አንቺ ብትጠይቂ ምን ነውር አለው? ያን ቀን ይቅርታ መጠየቅ የነበረብሽ አንቺ አልነበርሽም።

መጠየቅ ኃጢአት ነው ላልሽው፣ አይደለም። ቶማስን ጌታ አላባረረውም፤ ጎኑን አሳየው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ታሪኩን ታነባለች። መጥምቁ ዮሐንስ እስር ቤት ሆኖ «የሚመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ላከ። በእጁ ያጠመቀውን እኮ ነው! ጌታ አልተቆጣም። መልእክተኞቹ ሲሄዱ ደግሞ ለሕዝቡ ዮሐንስን አመሰገነው፤ ከሴቶች ከተወለዱት ማንም አይበልጠውም አለ። የጠየቀው ዕለት ነው የተመሰገነው።

የእኛ ሊቃውንት መጽሐፍ የሚተረጉሙበትን መንገድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አንድምታ ይባላል። መምህሩ አንድ ቃል ያነሣና ይፈታዋል፤ ቀጥሎ «አንድም» ይላል፣ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም»። ያ ማለት እንደፈለጉ ይተረጉማሉ ማለት አይደለም፤ የሃይማኖት ወሰን አለው። ግን አንድ ጥቅስ ይዞ «በቃ፣ ዝም በይ» ማለት የሊቃውንቱ ልማድ አይደለም።

እንዲህ ስል እኛ ዘንድ ችግር የለም እያልኩ አይደለም። ከራሴ ልጀምር። እኔ ካህን አይደለሁም፤ እዚህ አራት ኪሎ አካባቢ ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ታናሽ እኅቴ ስትታመም ሁላችንም ጾምን፣ ጸለይን። ለምን ሞተች?» አለኝ። ሰዓቱ አልቆ ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ነበር። «ይኼ የመናፍቃን ጥያቄ ነው» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከስድስት ዓመት በኋላ መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ጋ ቆሞ አገኘሁት። ጎንበስ ብሎ፣ በአክብሮት ሰላም አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ «ኧረ ምንም አይደል መምህር» አለኝ። ምንም ግን አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ካህን ጮክ ሲል ሆድሽ ጭምድድ ማለቱን እንደ ጋኔን ሥራ አትይው፤ ጸበል ያስፈልጋታል የሚልሽም ቢኖር። በእሳት የተቃጠለ ልጅ ምድጃ ሲያይ ይሸሻል። ጊዜ ስጪው። እኛም ውስጥ ሰው ላይ መጮኽ ማስተማር የሚመስለው አለ። ቲክቶክ ላይ ተቀምጦ የሰው ትዳር የሚፈታና የሚያስር አለ። ከአንድ አለቃ አምልጠሽ ሌላ አለቃ ቤት እንዳትገቢ ነው የምፈራልሽ። እንዲያ አድጎ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናፍቀው ያንኑ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲወስንለት። እኔንም ቢሆን አለቃ እንዳታደርጊኝ።

ሥልጣን የለም ማለቴም አይደለም። ክህነት አለ፣ ሥርዓት አለ፣ መታዘዝም አለ። ግን ሥልጣኑ ራሱ የታሰረ ነው። ጳጳስ ሲሾም ሕዝቡ «ይደልዎ» ይላል፤ ይገባዋል ማለት ነው። ጴጥሮስ የሐዋርያት አለቃ ሆኖ ሳለ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ትቶ ሲያፈገፍግ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው። ይህንም ገላትያ 2 ላይ ጻፈው፤ እኛም አልደበቅነውም፣ ጮክ ብለን እናነበዋለን። ጴጥሮስ ራሱ በመልእክቱ ካህናትን መንጋውን በኃይል አትግዙ፣ ምሳሌ ሁኑ ይላቸዋል። ዕብራውያን 13 ላይ «ለዋኖቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን ሲጠቅሱልሽ ቀጥሎ ያለውን አስነብቢያቸው፤ ዋኖቹ ስለ ነፍስሽ መልስ የሚሰጡ ናቸው ይላል። ተጠያቂ ናቸው።

የንስሐ አባት መያዝ ሥርዓታችን ነው፤ ዛሬውኑ ግን አይደለም። ሰውዬውን መምረጥም ትችያለሽ። መጀመሪያ ሲቀድስ እዪው፣ ድሃ ሲያናግረው እንዴት እንደሚመልስ እዪ። ከዚያ አንድ ትንሽ ጥያቄ ጠይቂው፤ «አላውቅም፣ አይቼ ልንገርሽ» የሚል አባት ካገኘሽ እሱን ያዢ። ሥራው ኃጢአትሽን ሰምቶ፣ ቀኖና ሰጥቶ፣ ንስሐሽን ተቀብሎ ማጽናናት ነው። የነገርሽውን ለሌላ ማውጣት በቀኖና የተከለከለ ነው። ምክር ከፈለግሽ ይመክርሻል፤ ደመወዝሽን፣ ስልክሽን፣ የምታገቢውን ሰው ግን አይቆጣጠርም። አልሆነልሽም? በአክብሮት ተሰናብተሽ ሌላ መያዝ ትችያለሽ። ጨጓራ ካለብሽ ወይ መድኃኒት ከጀመርሽም ንገሪው፤ የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝ ደዌ ያለበትን ለይቶ ነው።

እግዚአብሔር ባይኖርስ ያልሽውን በአጭሩ ነው የምመልሰው። ማስረጃ ልደረድርልሽ እችላለሁ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ማስረጃ ሰው አያስተኛም። ልጁ የታመመበት ያ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ፤ ማርቆስ 9። ግማሽ እምነት ይዞ መጣ፤ ልጁ ዳነለት። አንቺም እሷኑ በይ። እሷም ካቃተችሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2016 ፒያሳ ያለው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። አንድ ሰውዬ የበር መዝጊያ ተሸክሞ ይወጣል። አሮጌ የጣውላ በር ነው፤ ማጠፊያው እንኳን አልተነቀለም፣ እየተንጠለጠለ ይንቀጫቀጫል። «ይኼን ምን ያደርጉታል?» አልኩት። «በሩ ምን አጠፋ?» አለኝ። አንቺም ስትወጪ ሁሉን እዚያው ጥለሽ እንዳትወጪ። መዝሙረ ዳዊት በቃልሽ ይዘሻል አይደል? ማልዶ መነሣት ተምረሻል። የታመመ ሳትጠይቂ እንደማታድሪ እገምታለሁ፤ እንዲህ ባሉ ጉባኤዎች ያደጉ ልጆች ይኼን ያውቁበታል። ያ ያንቺ ነው፤ የመሪሽ አይደለም። ይዘሽው ነይ።

ስለ መግባቱ ደግሞ፣ በቅዳሴያችን ከወንጌል በኋላ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይላል። ገና ያልተጠመቁ፣ እየተማሩ ያሉ ይውጡ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ማባረር ይመስለዋል። እኔ ግን ስሰማው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ይውጡ የተባሉት እስከዚያ ድረስ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው! መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ቦታ ነበራቸው። ቆመው የሚነበበውን ይሰሙ ነበር። አንቺም እዚያ ቦታ ላይ ቁሚ። ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ብትሰሚ ማንም ስምሽን አይጠይቅሽም። ለመጠመቅም ሆነ ለመቁረብ አትቸኩዪ፤ የሚያስቸኩልሽ ካለም ጠርጥሪው። እጅሽ ግንባርሽ ላይ ቢቆም ይቁም። የሰውን ዓይን ፈርተሽ አትጨርሺው።

አሁን ሽሮው። እናትሽ ጋ ክርክር አትክፈቺ። የመዝሙሩንም ነገር ይዘሽባት እንዳትሄጂ፤ ሦስት ዓመት የፈጀብሽን ነገር እሷ በአንድ እሑድ እንድትውጠው አትጠብቂ። አብረሻት አትብዪ ተብላለች፤ አልበላችም። ሽሮ አትሥሪላት ግን አልተባለችም፤ ሠራች። እንዳይቀዘቅዝም ከደነችው። ሕጉን ሳትጥስ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ እጇን ያሾለከችው እሷ ናት። እሑድ ሂጂ። በትኩሱ ብዪ፣ ሰሃኑን አጥበሽ ቦታው መልሺ። ቡና ካፈላች ደግሞ እስከ በረካ ቆዪ። «እማዬ፣ ቡና ማዕድ አይደለም እንዴ?» ብለሽ ግን እንዳትጠይቂያት። ይችን አንዷን ጥያቄ ለራስሽ ያዣት።