ለእመቤታችን የተሳልኩት ልጄ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ልጅ አጥቼ ብዙ ዘመን ቆየሁ። ከዚያ ግሸን ማርያም ወጥቼ «ወንድ ልጅ ከሰጠሽኝ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አደርገዋለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሰማችኝ። ልጁን ገና በሕፃንነቱ የኔታ ዘንድ አስገባሁት፤ ውዳሴ ማርያም ደግሟል። አሁን 19 ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ገብቷል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል፣ አይጾምም። ስጠይቀው «እግዚአብሔር የለም አላልኩም፤ ግን በግድ አታድርጉብኝ» ይለኛል። አባቱ «ወይ ይጾማል ወይ ቤቴን ይለቃል» ብሏል። ጎረቤቴ «ስእለትሽን ስላላደረስሽ ነው» ትለኛለች። እኔም ተናድጄ «የጠባኸው ጡቴ ይፋረድህ» ብዬዋለሁ። ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ከተባለ እኔ ምን ላድርግ? ዝም ልበል? ታናሽ እኅቱ ደግሞ 8 ዓመቷ ነው። እሷንስ እንዴት ላሳድጋት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጻፉልኝ። ከስእለቱ ልጀምር፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀዎ እሱ እንደሆነ ከአጻጻፍዎ ይታወቃል።

የእርስዎ ስእለት የሐናን ይመስላል። ሐናም መካን ነበረች። በሴሎ አልቅሳ ለመነች፤ ወንድ ልጅ ከተሰጣት ዕድሜውን ሙሉ ለእግዚአብሔር እንደምትሰጠው ተሳለች። ጡት ስታስጥለው ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ አስረከበችው። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እርስዎ ግን አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን ያንብቡ። ልጁ በቤተ መቅደስ ያድራል፣ ያገለግላል። ያም ሆኖ መጽሐፉ «ሳሙኤል ግን ገና እግዚአብሔርን አላወቀም ነበር» ይላል። እግዚአብሔርም በሌሊት በስሙ ጠራው። አራት ጊዜ ጠራው። በመጨረሻ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ያለው ሳሙኤል ራሱ ነው። እናቱ ሰጠችው፤ እሺ ማለት ግን የእሱ ነበር። እግዚአብሔር «እናትህ ስላንተ ተስላለች» ብሎ ሊይዘው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ከልጁ ከራሱ አፍ መልስ ጠበቀ።

እርስዎም ድርሻዎን አድርገዋል። የኔታ ዘንድ ወስደው ሰጥተውታል። ስእለት የሚያስረው የተሳለውን ሰው ነው፤ ልጅዎ በተሳሉበት ጊዜ ገና አልተወለደም ነበር። በኦሪትም ቢሆን በስእለት የተሰጠ ሰው ሁሉ በመቅደስ አገልጋይ አይሆንም ነበር። ዘሌዋውያን 27ን ይመልከቱ፦ በስእለት የተሰጠው ሰው በብር ይገመት ነበር፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ላለ ወንድ ግምቱ 20 ሰቅል ነው። ይህን ያነሣሁት ገንዘብ ይክፈሉ ለማለት አይደለም። እግዚአብሔር የተሳለን ሰው መውጫ አሳጥቶ እንደማያስጨንቅ እንዲያዩ ነው። ለንስሐ አባትዎ ሁሉንም ይንገሯቸው፤ በስእለቱ ፋንታ ምን ቢያደርጉ እንደሚገባ እሳቸው ይወስኑልዎታል። እመቤታችን ግን ለምና ባሰጠችው ልጅ የምትበቀል እናት አይደለችም። ጎረቤትዎ እንዲህ ያለውን ነገር ሁለተኛ እንዳይናገሩ በፍቅር ይንገሯቸው።

ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ወይ የሚለው ሐሳብም ከደብዳቤዎ ውስጥ ይሰማኛል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ መልሱ አለ። የዔሊ ልጆች ሳሙኤል ባደገበት ቤት አደጉ፤ ክፉዎች ሆኑ። ሳሙኤል ደግሞ ያ ሁሉ ነቢይ ሆኖ ልጆቹ ኢዩኤልና አብያ ጉቦ በሉ። ዔሊ ተወቅሷል፤ የተወቀሰው ግን ልጆቹ በመሥዋዕት ላይ ሲያምፁ እያወቀ ከክህነት ስላልከለከላቸው ነው። ሳሙኤልን ስለ ልጆቹ መጽሐፍ አልወቀሰውም። ስለዚህ የልጅን መጥፎ መንገድ ሁሉ በወላጅ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ሕዝቅኤል 18 ላይ አባት የልጁን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጽ ተጽፏል።

ታዲያ ዝም ልበል ወይ ላሉት፦ አይበሉ። ነጻ ፈቃድ ማለት ወላጅ አፉን ይዝጋ ማለት አይደለም። ሙሴ በዘዳግም 30 ላይ ሕይወትንና ሞትን፣ በረከትንና መርገምን በሕዝቡ ፊት አስቀመጠ። አስቀምጦም ዝም አላለም፤ «ሕይወትን ምረጥ» አለ። ምርጫውን ሰጠ፣ ምኞቱንም አልደበቀም። ጌታችንም ባለጸጋውን ወጣት በማርቆስ 10 ላይ አይቶ ወደደው፤ እውነቱን ነገረው። ወጣቱ አዝኖ ሲሄድ ግን እጁን ይዞ አላስቀረውም፤ ሰደበውም አይልም። ለልጅዎ የሚያምኑትን አንዴ፣ በእርጋታ፣ ልቡ ባልተቆጣበት ሰዓት ይንገሩት። በየቀኑ መላልሰው ግን አይጨቅጭቁት። ሐዋርያው «አባቶች ሆይ፥ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» ያለው ለዚህ ነው።

እኛ የወሎ ሰዎች እኮ ይህን ከማንም አንማርም። እስላም ጎረቤታችን ለሠርጋችን ሲመጣ የእሱ ከብት ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ለብቻው ነው። አጎቱ ወይም አያቱ እስላም የሆነ ክርስቲያን በየሰፈሩ አለ። እምነታችንን ሳንደባልቅ፣ ሳንሰዳደብም ቡና ተጠራርተን ኖረናል። ለጎረቤት የቻልነውን ትዕግሥት ለወለድነው ልጅ እንዴት እናጣለን? አንዳንድ ቤት ሳይ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የውጭውን ሰው በአክብሮት ያስተናግዱና የገዛ ልጃቸውን ስለ ጾም ከቤት ያባርራሉ።

ለባለቤትዎ ይህን ይንገሯቸው። በጾም ወራት ቤቱ የጾም ምግብ ይሠራል፤ ያ የቤቱ ሥርዓት ነው፤ ልጁም ሊያከብረው ይገባል። ለእሱ ተብሎ ሥጋ አይሠራም። የተሠራውን ሽሮ ግን ሰዓት አልደረሰም ተብሎ አይከለከል። ውጭ የሚበላው በእሱና በእግዚአብሔር መካከል ነው። በግድ የጾመ ሰው ረሃብ እንጂ ጾም የለውም። ከቤት ማስወጣቱን እርግፍ አድርገው ይተዉት። ቤቱን ያጣ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም፤ የሚመለስበትን በር የዘጋነውም እኛው እንሆናለን።

በአንድ ነገር ግን በጣም አደራ እላለሁ። ለበዓል ወይም ለሰው ዓይን ብለው ሳያምን፣ ንስሐ ሳይገባ እንዲቆርብ አያስገድዱት። ቅዱስ ጳውሎስ ሰው ራሱን ሳይፈትን ከዚህ ማዕድ እንዳይቀርብ በአንደኛ ቆሮንቶስ 11 አጥብቆ አስጠንቅቋል። ልጁን ወደ ሕይወት ያቀረቡት መስሎዎት ፍርድ ያመጡበታል።

ስለ እርግማኑ። ተናደው ነው፣ አውቃለሁ። ሲራክ በምዕራፍ 3 የአባት ምርቃት የልጆችን ቤት እንደሚያጸና፣ የእናት እርግማን ግን መሠረቱን እንደሚነቅል ይናገራል። ስለዚህ ያንን ቃል ያንሡት። ለካህን ይናዘዙት፤ ከዚያ ለልጁ በግልጽ «ተሳስቼ ነው፣ ይቅር በለኝ» ይበሉት። እናት ልጇን ይቅርታ ብትጠይቅ ክብሯ አይቀንስም። ጠዋት ሲወጣ ደግሞ ይመርቁት። ምርቃት በወሎ ደንብ ሞልቶልናል። «አሜን» ባይልም ይመርቁት። ስለ እምነቱ ሲመርቁት ግን እንደ ሽሙጥ እንዳይሆንበት። «ሰላም ግባ፣ ክፉ አይንካህ» ይበቃል።

እግዚአብሔር ፈቃዱን ካልጣሰበት ጸሎቴ ምን ይረባል የሚሉ ወላጆች አሉ። ሳውል በደማስቆ መንገድ ሲወድቅ ፈቃዱ አልተወሰደበትም። ብርሃን ታየው፣ ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ መታዘዝ የእሱ ድርሻ ነበር። ጸሎትዎ ለልጅዎ እንዲህ ያለ መንገድ እንዲከፈትለት ነው። ጥሩ ጓደኛ፣ ጥያቄውን ሳይቆጣ የሚሰማው መምህር፣ ቆም ብሎ የሚያስብበት ቀን እንዲያገኝ ነው። እሱ በሌለበት ይጸልዩ። እሱ እየሰማ «አምላኬ ይህን ልጅ መልስልኝ» ብሎ መጮህ ግን ተግሣጽ ነው የሚሆነው።

ትንሿ ልጅዎ ግን ሌላ ናት። «ስታድግ ትምረጥ» ብለው አይተዉአት። ሕፃን ክትባቱን ይምረጥ ብለን አናቆየውም። በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ስለ እሷ የመለሰችላት የክርስትና እናቷ ናት፤ ያ አደራ በእናንተም ላይ ነው። ጾምን በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጆች ከ7 ዓመታቸው ጀምረው ይለማመዳሉ። እሷንም በአንዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያቆዩአት። በፍልሰታ ቁርስ አዘግይታ ብትጀምር፣ ከእኩዮቿ ጋር ብትቆርብ ትወደዋለች። ጢሞቴዎስን ያሳደጉት አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ ነበሩ፤ አባቱ የግሪክ ሰው ነበር። ቤቱ ሁሉ አንድ ልብ ባይሆንም እምነት ተተክሎበታል።

ስትጠይቅዎ ይመልሱላት፤ ካላወቁት «መምህሩን እንጠይቅ» ይበሏት። «ዝም በይ፣ ኃጢአት ነው» አይበሏት። ወንድሟን እያሳዩም «አንቺ እንኳ እንደ እሱ እንዳትሆኚ» አይበሏት። እሱ ይሰማል፤ እሷም ወንድሟን መናቅ ትማራለች።