ለ257 ሮበርትስ አክሊ ቀለሃ መምረጥና የቻምበሩ ልክ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ኮሎራዶ ነህ፣ የይሁዳ አንበሳ ማህተም ያለበት የድሮ ኤፍኤን ማውዘር ሪሲቨር (ቦልቱ የሚገባበት የጠመንጃው አካል) ያለ ባሬል አግኝተህ በ257 ሮበርትስ አክሊ ኢምፕሩቭድ (የተራው 257 ሮበርትስ የተሻሻለ ዓይነት) አዲስ ባሬል አስገጠምክበት፣ ለአንቴሎፕና ለአጋዘን አደን ነው የፈለግከው። ከሱቅ የገዛኸውን ተራ የ257 ሮበርትስ ጥይት ስትተኩስበት ቀለሃው ላይ ከስሩ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይወጣል፣ ቦልቱ ግን ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ሁሉ ያለምንም ትግል ይዘጋል። በሌላ በኩል ከቱርክ ጦር የተረፈ 8 በ57 (8 ሚሊሜትር አረር፣ 57 ሚሊሜትር ቀለሃ) አንገቱን አጥብበህ የሰራኸው፣ ባሩድ ሳታደርግ አረር ብቻ ሰክተህ ስትሞክረው፣ ቦልቱ አልዘጋም ብሎ ይታገልሃል። እና "ቻምበሩ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ?" አልከኝ፣ ቻምበር ማለት ጥይቱ የሚቀመጥበት የባሬሉ ኋላ ክፍል ነው።

ሁለቱም ነው። ወደ ፊት ረዝሟል፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ላንተ ወፍራም ቀለሃ ይጠብባል።

መጀመሪያ ቀለበቱን እንይ፣ እሱ ነው የሚያሰጋኝ። አክሊ፣ ቀለሃውን ያሻሻለው ሰው፣ ትከሻውን ወደ 40 ዲግሪ ነው ያቆመው፣ አዲስ ጥይት እዛ ቻምበር ውስጥ ሲገባ የሚይዘው አንገትና ትከሻ የሚገናኙበት ጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ቻምበሩ ከእናቱ ከ257 ሮበርትስ በ0.004 ኢንች ማጠር አለበት፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት በለው፣ ቦልቱ ሲዘጋ ትንሽ መጭመቅ ሊሰማህ ይገባል። ማለትም የተራው 257 ሮበርትስ ጎ ጌጅ (ቦልቱ ሊዘጋበት የሚገባ የቻምበር መለኪያ) አክሊ ላይ ኖ ጎ (ቦልቱ ሊዘጋበት የማይገባ) ሆኖ ነው የሚሰራው፣ ቦልቱ በሱ ላይ መዘጋት የለበትም። ያንተ ቶርኖ ሰራተኛ በጎ ጌጁ ላይ እስኪዘጋ ድረስ ሪመሩን (የቻምበር መቆፈሪያውን) የገፋው ይመስለኛል፣ ለተራው ሮበርትስ ቢሆን ልክ ነበር፣ ለአክሊ ግን ጥይቱ የሚደገፍበት አጥቶ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ሲተኮስ ፊቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቅና ቂጡ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሃሉ ይሳሳል፣ ያየኸው ቀለበት እሱ ነው። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፈህ በቀለሃው ውስጥ ከስር ወደ ላይ ጎትተው፣ ጥፍር የገባበት የሚመስል ቦይ ካገኘህ ያንን ቀለሃ ጣለው፣ ዳግመኛ ብትሞላው ለሁለት ሊበጠስ ይችላል።

ጌጁን ራስህ ተበደርና ሞክረው። የፋየርፒን (የመምቻ መርፌ) ስብስቡን ከቦልቱ አውጣ፣ የጌጁን ጠርዝ በእጅህ ከኤክስትራክተሩ (ቀለሃ ከሚጎትተው) ጥፍር ስር አስገባ (ማውዘር ነው፣ ቻምበር ውስጥ ጥለህ ቦልቱን አታላትምበት)፣ ከዛ በአንድ ጣት ብቻ ዝጋ። ከዘጋ ጌጁ ቂጥ ላይ ስኮች ቴፕ ለጥፍ፣ አንዱ ንብርብር ወደ 0.002 ኢንች ይሆናል፣ እስኪከለክልህ ድረስ ጨምር። ስንት እንደረዘመ ያኔ ይገባሃል።

መፍትሄው ባሬሉን ፈትቶ ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ቶርኖ ላይ ከኋላው ፊትና ከትከሻው እኩል ተላጭቶ በዛው ሪመር እንደገና ልኩ ላይ ይደረሳል። ባሬሉ ላይ ጽሁፍ ወይም ሳይት ካለና ቦታው እንዲመለስ ከፈለግክ ሙሉ አንድ ጥርስ ይቆረጣል፣ የማውዘር ጥርስ በኢንች 12 ስለሆነ 0.083 ኢንች ማለት ነው። ምንም ከሌለው ትንሽ መላጨት ይበቃል። ባሬሉ ተፈቶ ሳለ ሪሲቨሩ ውስጥ የቦልቱ ጆሮዎች የሚያርፉበትን ቦታ አሳየው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሰራ የጦር ማውዘር ላዩ ብቻ ነው የጠነከረው፣ ተገፍቶ ጉድጓድ ከሰራ ምንም ሄድስፔስ (ከቦልቱ ፊት እስከ ጥይቱ መደገፊያ ያለውን ርዝመት) ብታስተካክል ተመልሶ ይረዝማል። ቫልቭ ኮምፓውንድ (የሚፈጭ ቅባት) ቀብቶ "ጆሮዎቹን ፈግፍጌ ላለስልስልህ" የሚልህን ደግሞ እምቢ በለው፣ ያቺን ስስ ቆዳ ነው የሚበላብህ። ለስኮፕ ስታስበሳም አንበሳው ላይ መሰርሰሪያ እንዳያሳርፉበት ተጠንቀቅ፣ እሱ ከጠፋ አይተካም።

አሁን ቀለሃው። የቱርኩን ተወው። ቤርዳን ፕራይመር (አውጥቶ መተካት የሚያስቸግር የተቀጣጣይ ዓይነት) ነው፣ አሮጌ ነው፣ ከ0.323 ወደ 0.257 ስትጨምቀው የአንገቱ ግድግዳ ይወፍራል። ካሊፐር ያዝና አረር የተሰካበትን አንገት ለካው፣ ከዛ በሪመሩ ወረቀት ላይ ካለው የአንገት ልክ ቀንሰው። ለአደን ጠመንጃ ልዩነቱ ከ0.003 ኢንች ካነሰ እኔ አልተኩስበትም፣ አንገቱ ተከፍቶ አረሩን መልቀቅ ካልቻለ ፕሬሸሩ ይዘላል፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ለዚህ ነው ገና ሪመር ልዘዝ የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቀለሃህን ገዝተህ አምጣ የምለው፣ የሪመሩ አንገት ከቀለሃው ነው የሚወጣው።

ላንተ ሆርናዲ ወይም ዊንቸስተር 257 ሮበርትስ ፕላስ ፒ (ከተራው ከፍ ላለ ግፊት ምልክት የተደረገበት) ባዶ ቀለሃ ካገኘህ ያለ ጣጣ እሱ ነው። ገበያ ላይ ሲጠፋ፣ ይጠፋልም፣ የኖርማ ወይም የፕርቪ ፓርቲዛን አዲስ 7 በ57 ያዝ፣ ሮበርትስ ራሱ ከሱ የወጣ ነው፣ የትከሻው ዲግሪም አንድ ነው። ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፣ አንገቱን በአንዴ እስከ ታች አታጥብበው፣ ዳዩን (ቀለሃ የሚቀርጸውን ሞልድ) በትንሽ በትንሹ እያወረድክ ቦልቱ በመጠኑ ተጭኖ ሲዘጋ ቁም። የቀረችው ትንሽ እርከን ጥይቱን ወደ ኋላ ደግፋ ትይዘዋለች፣ ሲተኮስ ትከሻው ይሞላል እንጂ ቀለሃው አይለጠጥም። ይሄኛውም ቢሆን ትንሽ ይወፍራል፣ አንገቱን መለካት አትዝለል፣ ከበዛ በኔክ ተርነር (በአንገት መላጫ) ላጨው። ባሩዱን ከመጽሐፍ ከተራው 257 ሮበርትስ ጀማሪ ልክ ተነስ። 100 ፍሬ ከአንድ ሎት (ከአንድ የምርት ዙር) ግዛ፣ ከየቦታው የተለቃቀመ ቀለሃ አንድ ቦታ አይመታልህም።

የቴፑን ቁጥር ስታገኝ ላክልኝ፣ ምን ያህል መላጨት እንዳለበት ለሰራተኛህ የምትሰጠውን ጽፌ እሰድልሃለሁ፣ እስከዛ ግን ከሱቅ የገዛኸውን የተረፈ ጥይት አትተኩስበት።